ማስታገሻውን በስሙ እንጥራው
(በኮዬ ፈጬ ለነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር)





ንግግሬን በዚህች በእጄ በያዝኳት ቁራጭ ልጀምር። አራት ነጫጭ ክኒኖች ያሉባት የስትሪፕ ቁራጭ ናት። ጀርባዋ ላይ ከመድኃኒቱ ስም የተረፉት ሁለት ፊደላት ብቻ ናቸው። የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜዋ የታተመበት ጫፍ በመቀስ ተቆርጦ ከሌላ ደንበኛ ጋር ሄዷል። የሰጡኝ አንዲት የሕንፃችን እናት ናቸው። «አንተ የመድኃኒት ሰው ነህ፤ ይቺ ለምን ነበር የምትዋጠው?» አሉኝ። ዓመታት በፋርማሲ ሙያ ሠርቻለሁ፤ መልስ ግን አልነበረኝም።

ዛሬ ማስታገሻ ክፉ ነው ልላችሁ አልመጣሁም። በኮንዶሚኒየም የምንኖር ሰዎች ነን። ሊፍት በሌለው ደረጃ ውሃ በጄሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ሰው ወገቡን ቢያመው አይገርምም። ማልዶ ተሰልፎ፣ ታክሲ ውስጥ ተጣብቆ፣ ማታ ደክሞት የሚገባ ሰው ራሱን ቢያመው አይፈረድበትም። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ስሙን የማናውቀውን ማስታገሻ አንዋጥ። ጉዳት አድርሶ ያየሁት ማስታገሻ በአብዛኛው ስሙ የጠፋው ነው።

ቋንቋችን ራሱ ጥሩ አስተማሪ ነው። «ማስታገሻ» የሚለው ቃል የመጣው «ታገሠ» ከሚለው ነው። ማስታገሻ ትዕግሥት ይሰጣል፣ ጊዜ ይገዛልናል። ፈውስ ግን አይደለም።

ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የምንገዛቸው ማስታገሻዎች ስማቸው ብዙ ቢሆንም ቤታቸው ሁለት ነው። በመጀመሪያው ቤት የሚኖረው ፓራሲታሞል ብቻውን ነው። በሁለተኛው ቤት አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክና ናፕሮክሲን አብረው ይኖራሉ። ትራማዶል ከሁለቱም አይደለም፤ ሱስ የሚያስይዝ፣ የሐኪም ማዘዣ የሚያስፈልገው መድኃኒት ስለሆነ ከጎረቤት የሚዋዋሱት ነገር አይደለም።

ከፓራሲታሞል እንነሣ። ትኩሳት ያበርዳል፣ ሕመም ያስታግሳል፣ ጨጓራ አያስቆጣም። ለጤነኛ አዋቂ ባለ 500 ሚሊግራሙ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በቂ ነው፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሳይቆዩ አይደገምም፤ በ24 ሰዓት ውስጥም ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። ጉበቱ የታመመ፣ አረቄ የሚያዘወትር ወይም ሰውነቱ የመነመነ ሰው ግን ከዚህም መቀነስ ስላለበት ባለሙያ ይጠይቅ። ለሕፃን ልኩ ዕድሜው ሳይሆን ክብደቱ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ይሰጣል። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ሚሊግራም ይበቃዋል ማለት ነው። የሽሮፖች ጥንካሬ ስለሚለያይ ጠርሙሱ ላይ ያለውን አንብቡ። የሻይ ማንኪያውንም ተዉት፤ አብሮት በመጣው መስፈሪያ ለኩ።

አሁን ከውጭ ወደሚመጣው ሻንጣ እንምጣ። ከመካከላችን ዘመድ ከውጭ መድኃኒት ያልላከለት ጥቂት ነው። ከአሜሪካ ታይለኖል፣ ከዱባይና ከቤይሩት ፓናዶል ይመጣል። አሜሪካኖች አሴታሚኖፌን የሚሉት እኛ ፓራሲታሞል የምንለውን ነው፤ ታይለኖልም ፓናዶልም የእሱ የንግድ ስም ናቸው። እንግዲህ አንዲት እናት ጉልበታቸውን አሟቸው ልጃቸው የላከችውን ባለ 500 ታይለኖል ሁለት ሁለት አድርገው በቀን ሦስት ጊዜ ዋጡ እንበል። «የውጩ አልበቃኝም» ብለው ደግሞ ከታች ካለው ሱቅ የገዙትን ፓራሲታሞል እንዲሁ ሁለት ሁለት ጨመሩበት። እሳቸው ሁለት ዓይነት መድኃኒት የወሰዱ ይመስላቸዋል። ጉበታቸው ግን አንዱኑ መድኃኒት 12 ፍሬ ቆጥሯል። በዚህ ላይ የጉንፋን ክኒን ከጨመሩ ቁጥሩ ይበልጥ ያድጋል፤ በብዙዎቹ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል አለ።

ጉበት ከፓራሲታሞል ጥቂቱን ወደ መርዛማ ነገር ይለውጠዋል፤ ይህንንም ግሉታታዮን በሚባል ንጥረ ነገር ያከሽፈዋል። መጠኑ ሲበዛ ግሉታታዮኑ ያልቃል፤ ያኔ መርዙ ጉበቱን ራሱን ይበላል። ክፋቱ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ከማቅለሽለሽ ሌላ ምልክት ላይኖር መቻሉ ነው። ስለዚህ ከልክ በላይ የወሰደ ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም አትመኑት፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ማርከሻ አለው፤ ማርከሻው በተሻለ የሚሠራው ግን በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ነው።

ወደ ሁለተኛው ቤት እንግባ። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ቬን እነዚህ መድኃኒቶች እንዴት እንደሚሠሩ በ1971 እ.ኤ.አ. አሳየ፤ በ1982 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ሰውነታችን ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ያመርታል። ሕመምን፣ እብጠትንና ትኩሳትን የሚያባብሱት እነሱ ናቸው። ነገር ግን የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቁት፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደውንም ደም የሚያግዙት እነዚሁ ናቸው። ዲክሎፌናክ ስትውጡ ያ ክኒን ጉልበታችሁን ከጨጓራችሁ ለይቶ አያውቅም። ዘበኛውንም ሌባውንም አንድ ላይ ነው የሚያባርረው።

ስለዚህ የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰው ከዚህ ቤት ይራቅ። በጾም ሰሞን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ፣ በረመዳንም ለሱሁር ተነሥተው በባዶ ሆድ አይቡፕሮፌን መዋጥ ጨጓራን መፈታተን ነው። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰው ጨጓራው እየደማ ሊሆን ስለሚችል ሳያድር ይታከም። ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስዱ አባት በላያቸው ላይ ዲክሎፌናክ ቢደርቡ ኩላሊታቸው በሦስት በኩል ይጨነቃል፤ ግፊታቸውም ሊጨምር ይችላል። ለእንዲህ ዓይነት ሰው የጉልበት ሕመም ፓራሲታሞል ወይም የሚቀባ ጄል ይቀድማል። ነፍሰ ጡር እናት ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ሐኪም ካላዘዘላት የዚህን ቤት መድኃኒት አትውሰድ። ተቅማጥና ትውከት ያደረቀው ልጅ አይቡፕሮፌን አይሰጠው። አስፕሪንማ ጭራሽ ለልጅ ትኩሳት አይሆንም። በ2006 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ እንደታየው ያለ የዴንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ ባለበት አካባቢም አስፕሪንና አይቡፕሮፌን መድማትን ስለሚያባብሱ፣ ለትኩሳቱ የሚመረጠው ፓራሲታሞል ነው። ለልቡ በሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ ትንሿን አስፕሪን የሚወስድ ሰው ግን ይህን ሰምቶ በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ አደራ።

ስለ ራስ ምታት አንድ የቤታችንን ነገር ላንሣ። ቡና ለምዶ ቡና ያመለጠው ሰው ራሱ ይፈልጠዋል። ያ ሰው ፓናዶል ኤክስትራ ውጦ «ፍቱን ነው!» ይላል። በእያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ 65 ሚሊግራም ካፌይን አለና ቡናውን በክኒን ጠጣ ማለት ነው። ነገሩ ልማድ ከሆነ ግን ያስፈራል። በወር ውስጥ ፓራሲታሞልን ለ15 ቀን፣ ካፌይን የተቀላቀለበትን ደግሞ ለ10 ቀን ወይም ከዚያ በላይ የሚወስድ ሰው፣ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። እነሱ ያሰቡት ሕመሙን የሚሸሽገውን ሰው ነው። ዛሬ ግን ደባቂው ክኒኑ ሊሆን ይችላል። ከቆላ የተመለሰ ሰው ትኩሳቱን በፓራሲታሞል እያበረደ ወባውን ሊደብቅ ይችላል። ትኩሳት ከ3 ቀን ካለፈ፣ አንገት ከደረቀ፣ ልጅ ጡት ወይም ምግብ እንቢ ካለ፣ ራስ ምታት በድንገት እንደ መብረቅ ከመታ የክኒን ጊዜ አብቅቷል፤ የሐኪም ጊዜ ነው።

ወገኖቼ፣ አብዛኞቻችን አራት ፍሬ የምንገዛው ኪሳችን የሚችለው ያንኑ ስለሆነ ነው፤ ባለ መድኃኒት ቤቱም የሚቆርጠው ለዚሁ ነው። ስለዚህ መቀሱን አልኮንንም። የምለምነው የተቆረጠው ስትሪፕ በትንሿ ፖስታ ውስጥ እንዲገባ፣ በፖስታዋም ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ አወሳሰዱና ማብቂያ ጊዜው እንዲጻፍ ነው። ካልጻፉላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው። መድኃኒት ካልተስማማችሁ ወይም ከተጠራጠራችሁ ወደ ኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ደውሉ። ውጭ ላሉ ልጆቻችሁም «ስትልኩ የውስጡን ስም በአማርኛ ጻፉልን» በሏቸው።

ቁራጯን የሰጡኝን እናት ባለፈው ሳምንት ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። ትንሽ ፖስታ ከመቀነታቸው ፈትተው አሳዩኝ። «አስጻፍኩት» አሉኝ፤ ከዚያ መነጽራቸውን ፈልገው፣ ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው አነበቡልኝ፦ «ፓ-ራ-ሲ-ታ-ሞል»።