በማጣሪያው የቀሩት ሯጭ
(በቤት ኤሊዔዘር፣ ሐዴራ፣ በወላጆችና በወጣቶች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ንግግር እንዳደርግ ስጠየቅ፣ ስለ ስፖርት ምን አውቃለሁ ብዬ አመንትቼ ነበር። እኔ በልጅነቴ የሮጥኩት ከብት ለመመለስ ብቻ ነው። ነገር ግን በቤቴ የደረሰው በብዙዎቻችሁ ቤትም እንዳለ ስለማውቅ መጣሁ።

የልጅ ልጄ ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ ኳስ ይጫወት ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው ቡድኑ አስወጣው። ጠርቶ የነገረው እንኳ የለም፤ ስሙ ከዝርዝሩ ጠፋ፣ በቃ። ልጁ ጫማውን አልጋ ሥር ወርውሮ ከቤት መውጣት ተወ። ትምህርቱንም ሊተው ሲል እናቱ ወደ እኔ ላከችው። እኔም ስለ አቶ ንጉሴ ሮባ አጫወትኩት።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተካፈለችው በፈረንጆች 1956 ሜልቦርን ላይ ነው። የተላኩት 12 ስፖርተኞች፣ ሯጮችና ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ሜዳልያ ያገኘ አልነበረም። ንጉሴ ሮባ ከነዚህ አንዱ ሲሆኑ 100 ሜትር ሮጠው በማጣሪያው ቀሩ። እስቲ አስቡት፤ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ፣ ነገሩ በጥቂት ሰከንድ አበቃ! ማሞ ወልዴም በዚያው ኦሎምፒክ አልቀናውም፤ እሱ ግን በ1968 ሜክሲኮ ላይ ማራቶን አሸነፈ። ለንጉሴ እንዲህ ያለ ቀን በሩጫ አልመጣላቸውም። አሰልጣኝ ሆኑ።

በ1980 ሞስኮ ላይ ቡድኑን ያሠለጠኑት እሳቸው ነበሩ። ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ሙኒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ ቢያገኝም የ5,000 ሜትሩ ውድድር አምልጦታል፤ በ1976 ደግሞ የአፍሪካ አገሮች ሞንትሪያልን ጥለው በመውጣታቸው አልሮጠም። ስምንት ዓመት ጠበቀ ማለት ነው። በሞስኮው 10,000 ሜትር መሐመድ ከድር፣ ቶሎሳ ቆቱና ምሩጽ ፍጥነቱን አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ እያደረጉ ፊንላንዳዊውን ላሲ ቪረንን አደከሙት። ወደ 300 ሜትር ሲቀር ምሩጽ ማርሹን ቀየረ! ምሩጽ ወርቅ፣ ከድር ነሐስ፣ ቶሎሳ አራተኛ። ምሩጽ 5,000ውንም ደገመ። እንደኔ አስተያየት ያን የመጨረሻ ፍጥነት የአጭር ርቀት ሯጭ የነበረ ሰው በደንብ ይረዳዋል። አራተኛ የወጣው ቶሎሳም በኋላ አሰልጣኝ ሆኗል።

ሥራው ሁልጊዜ ሠርግ አይደለም። በ1981 ማድሪድ፣ በዓለም አገር አቋራጭ ውድድር፣ ልጆቹ ዙሩን ተሳስተው አንድ ዙር ሲቀር እንደ መጨረሻው ሮጡ። አሰልጣኝ ከዳር ቆሞ ያን ሲያይ ምን ይሰማዋል? ቢሆንም ከድር ሁለተኛ ወጣ፤ በቡድንም ኢትዮጵያ አሸነፈች።

ወደ እኛ ልምጣ። ከዚህ ወደ ደቡብ፣ ናታንያ አጠገብ፣ ዊንጌት አለ። መጀመሪያ የማድሪኽ፣ ቀጥሎ የአሰልጣኝ ኮርስ ይሰጣል፤ ባግሩት ያለው ደግሞ የስፖርት መምህርነት ዲግሪ ሊማር ይችላል። በ1988 በወጣው የስፖርት ሕግ ለማሠልጠን ተኡዳ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ «ኳስ አውቃለሁ» ብቻውን አይበቃም። ለጀማሪ ክፍያው ትንሽ ነው፤ አልደብቃችሁም። የልጁ እናት በዚህ ምክንያት ተቆጥታኛለች፤ እስካሁንም አልታረቅንም። እሷ ነርስ እንዲሆን ነው የምትፈልገው።

እሱ ግን የማድሪኽነቱን ኮርስ ጀምሯል፤ በሳምንት ሁለት ቀን የሰፈሩን ትንንሽ ልጆች ያጫውታል። አንዱ ሕፃን ሲቀየር አልቅሶ ነበር አሉ፤ የልጅ ልጄ አጠገቡ ተቀምጦ ለምን እንደቀየረው ሲያስረዳው አየሁ።

ይኸው ከኋላ ተቀምጧል። ስለ ኮርሱ መጠየቅ የምትፈልጉ እሱን ጠይቁት፤ እኔ የማውቀው ይህን ያህል ነው።