ሱፐርማን በ130 ዶላር ተሸጠ!

(ይህ ጽሑፍ ጸሐፊው በአንድ የንባብ ወዳጆች ምሽት ላይ ያሰሙት ንግግር ነው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)



ስለ ኮሚክ መጽሔት ልናገር ነው ስላችሁ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይቻለሁ። አልፈርድባችሁም። በኛ አገር «ኮሚክ» ማለት የሚያስቅ ሰው ነው። እኔ የማወራላችሁ ታሪክ ግን እምብዛም አያስቅም።

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ ዙሪያውን በቆርቆሮ የተመታ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። አንድ ብር ከፍለን፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተን፣ ስፓይደርማን ከፎቅ ፎቅ ሲወነጨፍ እናያለን። ባለቤትየው መጀመሪያ ላይ ስም የሚወጣበትን ወደፊት ያሮጠዋል፤ መጨረሻ ላይ ስም መውረድ ሲጀምር ደግሞ ድርግም ያደርገዋል። ውጪ የቆመው ተረኛ መግባት አለበታ! በዚህ ዓይነት እነዚህን ጀግኖች ማን እንደፈጠራቸው ሳናውቅ አደግን። ስም ቆርጦ የሚጥለው የቪዲዮ ቤቱ ሰውዬ ብቻ አለመሆኑን ያወቅሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ክሊቭላንድ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች ነበሩ። ሲግል ይጽፋል፣ ሹስተር ይስላል። ሱፐርማንን ፈጥረው ለዓመታት የአሳታሚውን በር ሁሉ ሲያንኳኩ ከርመው፣ በመጨረሻ በ1938 አንድ ድርጅት ተቀበላቸው። ቼክ ተጻፈላቸው፤ 412 ዶላር። ከዚህ ውስጥ የሱፐርማን ዋጋ 130 ዶላር ነው። በዚያች ቼክ ሱፐርማን፣ ካባውም፣ ደረቱ ላይ ያለው ምልክትም፣ ወደፊት የሚያመጣው ገንዘብም ለዘላለሙ የድርጅቱ ሆነ። ሁለቱም ያኔ የ23 ዓመት ጎረምሶች ነበሩ። ጉድ በሉ! ቼኩ ላይ የሁለቱም ስም ፊደሉ ተሳስቶ ነው የተጻፈው። ያቺው ቁራጭ ወረቀት በ2012 ጨረታ ወጥታ 160 ሺህ ዶላር አወጣች። በ10 ሳንቲም ይሸጥ የነበረው የመጀመሪያው መጽሔት አንዱ ቅጂ ደግሞ በ2024 ስድስት ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

እነ ሲግል በ1947 ከሰሱ። መብታቸውን አላስመለሱም፤ ጭራሽ ስማቸው ከመጽሔቱ ተነሣ። ዓመታት አለፉ። በ1975 ትልቁ የሱፐርማን ፊልም ሊሠራ ነው ተብሎ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ሲወራ፣ ሲግል ሎስ አንጀለስ ውስጥ በትንሽ ደመወዝ የቢሮ ጸሐፊ ነበር። ሹስተር ደግሞ ዓይኑ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። የሠዓሊ ዓይን! ሲግል ብዕሩን አነሣና ፊልሙን የሚራገም ረጅም መግለጫ ጽፎ ለጋዜጦች በተነ። ኒል አዳምስና ጄሪ ሮቢንሰን የሚባሉ ሠዓሊዎች ጉዳዩን ይዘው ተነሡ፤ ቴሌቪዥኑም ጋዜጣውም አወራው። ኩባንያው አፈረና በዚያው ዓመት መጨረሻ ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20 ሺህ ዶላር ጡረታ ቆረጠላቸው፤ ስማቸውም ተመለሰ። በ1978 ክሪስቶፈር ሪቭ ሲበር ያየ ሁሉ የሁለቱን ሰዎች ስም አብሮ አየ ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ከሱፐርማን ፊልሞች ሁሉ ያንን የማስበልጠው በዚህ ብቻ አይደለም። ሪቭ መነጽር ሲያደርግ በትክክል ሌላ ሰው ይሆናል። ሲያወልቅ ቁመቱ የሚጨምር ይመስላል።

አሁን ወደምወደው ሰው ልምጣ። ጃክ ከርቢ።

ከርቢ በ1917 ኒውዮርክ ውስጥ፣ በድሆች ሰፈር፣ ከአይሁድ ስደተኞች ተወለደ። ሥዕል ትምህርት ቤት ገብቶ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ወጣ፤ እጁን ያሠለጠነው ራሱ ነው። ከጆ ሳይመን ጋር ሆነው ካፒቴን አሜሪካን ሲያወጡ፣ በመጀመሪያው እትም ሽፋን ላይ ጀግናው ሂትለርን መንጋጋው ላይ በቡጢ ሲለው ይታያል። ልብ አድርጉ፤ መጽሔቱ ገበያ የወጣው በ1940 መጨረሻ ነው። አሜሪካ ጦርነት የገባችው ደግሞ በ1941 መጨረሻ። መንግሥት «እንግባ፣ አንግባ» እያለ ሲያመነታ ሁለት የሰፈር ልጆች አቋማቸውን በቡጢ አሳወቁ። ከርቢ በወረቀት ብቻም አልቀረ፤ ዘመተ። ፈረንሳይ ውስጥ አዛዡ ሠዓሊ መሆኑን ሲሰማ፣ ከጦሩ ቀድሞ እየሄደ የጠላትን አካባቢ በንድፍ እንዲያነሣ አዘዘው። እግሩን ውርጭ መትቶት ነው የተመለሰው።

የከርቢን ሥዕል ያላየ ሰው ምን ብዬ ላስረዳው? ቡጢው ከገጹ ወጥቶ አፍንጫችሁ ሥር ይደርሳል። አንድ ሰው ሲሰነዝር እጁ ብቻ አይደለም፤ ወገቡ፣ ትከሻው፣ ጥርሱ ሳይቀር ይሰነዝራል። የሰማይን ኃይል ሊያሳይ ሲፈልግ ጥቁር ክብ ነጠብጣቦችን እንደሚፈላ ውኃ አረፋ ይደረድራቸዋል፤ ወረቀቱ የሚንተከተክ ይመስላችኋል። እውነቱን ለመናገር ሴቶቹ ሁሉ እኅትማማች ነው የሚመስሉት። ይህን ስል አንድ ጓደኛዬ ሦስት ቀን አኩርፎኛል።

ከ1961 ጀምሮ ከስታን ሊ ጋር ፋንታስቲክ ፎርን፣ ሀልክን፣ ኤክስ ሜንን አከታትለው አወጡ። አሠራራቸው እንዲህ ነበር፦ ሊ የታሪኩን ሐሳብ ባጭሩ ይነግረዋል፤ ከርቢ ታሪኩን በሥዕል ዘርግቶ፣ በኅዳጉ ማስታወሻ ጫጭሮ ያመጣል፤ ከዚያ ሊ ንግግሩን ይሞላል። በ1966 ከርቢ ያመጣቸው ገጾች ላይ በሰሌዳ ቆሞ በህዋ የሚንሳፈፍ ብርማ ፍጡር ተገኘ። ሊ ስለሱ ምንም አላዘዘም ነበር። ሲልቨር ሰርፈር የሚባለው ይኸው ነው። እንግዲህ «ጸሐፊው» ማነው? ሊን ለመዝለፍ አይደለም፤ ያ ሳቅና ጨዋታ የሱ ነው። ግን ሊ ደመወዝተኛ አዘጋጅ ነበረ፤ ከርቢ በገጽ ብዛት የሚከፈል ሠራተኛ።

እዚህ ላይ የራሴን ልጨምር። እኔም በጽሑፍ ብዛት የምከፈል ሰው ነኝ። አንድ ጊዜ ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ጽሑፍ በሌላ ሰው ስም ወጣ። ገንዘቡን አልተከለከልኩም። ጋዜጣውን ግን ለእናቴ ማሳየት አልቻልኩም።

ከርቢ በ1970 ማርቭልን ጥሎ ወጣ። በ1980ዎቹ የገዛ ሥዕሎቹን መልሱልኝ ሲል፣ ለሌሎች ሠዓሊዎች አንድ ገጽ ውል ሲሰጥ ለሱ አራት ገጽ ተዘጋጀለት። በ1987 የተመለሰለት ሁለት ሺህ ገጽ ገደማ ነው፤ የሣለው ከአሥር ሺህ በላይ ነበር። በ1994 ሞተ። ልጆቹ የመብት ክርክሩን በ2011ም በ2013ም ተረቱ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደጃፍ ሲደርስ በ2014 ኩባንያው ታረቃቸው። የባትማኑ ቢል ፊንገርማ የባሰ ነው፤ በ1974 ደህይቶ ሞቶ፣ ስሙ በይፋ ከቦብ ኬን ስም ጎን የገባው በ2015 ነው። ስቲቭ ዲትኮ ግን የተለየ ፍጡር ነበር። ስፓይደርማንን ስሎ፣ በ1966 ለቆ፣ እስከ ሞተበት 2018 ድረስ ለጋዜጠኛ ቃሉን አልሰጥም ብሎ ኖረ። ለሥራችን አይመችም እንጂ አከብረዋለሁ።

ወደ ፊልሞቹ ስንመጣ፣ አብዛኞቹ ለኔ ርችት ናቸው። የከርቢን ቀለምና ቅርጽ የምር የተረዳው በ2017 ታይካ ዋይቲቲ የሠራው ሦስተኛው ቶር ይመስለኛል። በ2018 የመጣው ብላክ ፓንተር ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ዋካንዳን፣ በቅኝ ግዛት ያልተያዘችውን የአፍሪካ አገር፣ ሊና ከርቢ በወረቀት ያወጧት በ1966 ነው። ከርቢ ለንጉሡ መጀመሪያ የሣለለት ልብስና ያወጣለት ስም ሌላ ነበር፤ «የከሰል ነብር»! ስሙ ባይጸድቅ ደስ ብሎኛል። ለፊልሙ አልባሳት በ2019 ኦስካር የወሰደችው ሩት ካርተር ናት። አንዱ የጎሳ አለቃ ከንፈሩ ላይ ገል አድርጎ ሲገባ፣ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰውዬ «ይሄማ የኛው የኦሞ ነው!» ብሎ ጮኸ። አልተሳሳተም፤ የሱርማና የሙርሲ ነው። በዚያን ቀን ስሞቹ ተራ በተራ እስኪወርዱ ድረስ ከወንበሬ አልተነሣሁም። ስታን ሊ፣ ጃክ ከርቢ። ጽዳት የምትሠራዋ ልጅ መጥረጊያዋን ይዛ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

በኛም አገር የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአርባ አራት ክፍል ሸራ ላይ እየሣሉ፣ ከሥሩ ጽሑፍ እየጻፉ ለቱሪስት የሚሸጡ ሠዓሊዎች አሉ። እኔ ከገዛኋቸው ሁለት ሸራዎች ላይ የሠዓሊ ስም ፈልጌ አጣሁ። በሌላ በኩል በ2018 በሰራት ደበበ «ጀምበር» የተባለውን ኢትዮጵያዊ ጀግና አወጣ፤ ስሙም አብሮት አለ።

ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ የገዛሁትን የከርቢ መጽሔት ይዤ መጥቻለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ነው። ማየት የምትፈልጉ ጠጋ በሉ። ሽፋኑ የለውም፤ ገጾቹም እየተበጣጠሱ ስለሆነ ቡና የያዛችሁ አደራችሁን።