ማስረጃና መደጋገፍ



«ሰዎች ተደራጅተው በስውር ይከታተሉኛል» የሚል ሰው ሲገጥመን ወይ በችኮላ እናምነዋለን፤ ወይ እንስቅበታለን። ሁለቱም አይጠቅሙትም።

ድርጊቱ በእርግጥ የተፈጸመበት አገር አለ። የምሥራቅ ጀርመን የመንግሥት ጸጥታ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው መመሪያ የተቃዋሚዎች ስም፣ ሥራና ወዳጅነት በስውር እንዲፈርስ አዘዘ። በዲሴምበር 1989 የኤርፉርት ነዋሪዎች ተባብረው ጽሕፈት ቤቱን በመያዝ ሰነዶችን ከጥፋት አዳኑ፤ ከ1992 ጀምሮም ተበዳዮች መዝገባቸውን ለማንበብ በቁ። እውነታቸውን ያረጋገጠላቸው ሰነዱ ነው።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ ተመሳሳይ አቤቱታ ያላቸው 128 ሰዎች የሞሉትን መጠይቅ መርምሮ፣ የሁሉም አቤቱታ ከአእምሮ ሕመም የመነጨ ሳይሆን እንዳልቀረ ደምድሟል። ጭንቀታቸው ግን እውነተኛ ነበር።

ስለዚህ በየአካባቢው የሚቋቋም የመረዳጃ ቡድን፣ አባሉ ያየውን ከጠረጠረው ለይቶ ከነቀኑና ከነሰዓቱ እንዲመዘግብ ይርዳው፤ ያለ ማስረጃ ጎረቤትን አይወንጅል፤ ከሐኪምና ከሕግ ባለሙያ ጋር ያገናኘው። ተጠራጣሪዎች ብቻ ተሰብስበው እርስ በርስ ቢመሰካከሩ፣ የተዛባ መለኪያን በተዛባ መለኪያ መፈተሽ ይሆናል። ሙያችን ይህን አይፈቅድም፤ የተጨነቀን ሰው ብቻውን መተውንም ሰብአዊነታችን አይፈቅድም።