ስለ ሞተር ጉድለት ኮድ ምርመራ ለሥልጠና መክፈቻ የተደረገ ንግግር



ዛሬ የተሰበሰብነው ኮድ ማንበብን ለመማር ብቻ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ቀን በበቃን ነበር፤ የስካነሩን ገመድ ከመሪው በታች ባለው ባለ 16 ፒን ሶኬት ሰክቶ የሚወጣውን ፊደልና ቁጥር ማየት ማንም የሚችለው ነገር ነውና። የምንደክምለት ቁም ነገር ግን ኮዱ ምስክር እንጂ ፈራጅ አለመሆኑን ዐውቆ፣ ቃሉን በትዕግሥት መርምሮና ከሌላ ምስክር ጋር አመሳክሮ ፍርድ የመስጠት ጥበብ ነው። ይህ ጥበብ በመጓደሉ ስንት ደኅና ዕቃ ያለ በደሉ ተፈቶ እንደ ተጣለ፣ ስንት ባለታክሲም ለልጆቹ ቀለብ ያሰበውን ገንዘብ ለማያስፈልገው መለዋወጫ እንደ ከፈለ ሳስብ ኀዘን ይሰማኛል።

የምስክሩን ጠባይ ለመረዳት አመጣጡን ማወቅ ይገባል። በአሜሪካ ከፈረንጆቹ 1996 ሞዴል ጀምሮ ለሚሸጡ የቤት መኪናዎች፣ በአውሮፓ ኅብረትም ከ2001 ጀምሮ ለአዳዲስ የቤንዚን መኪናዎች ይህ ጉድለትን በኮድ የመመዝገብ ሥርዐት በሕግ ሲታዘዝ፣ ዋናው ዐላማ አየሩን ከመርዛማ ጭስ መጠበቅ ነበር። ስለዚህ የሞተሩ ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረን የአንድ ነገር መጠን መዛባቱን ነው፤ የትኛው ዕቃ እንደሚለወጥ አይነግረንም።

ለምሳሌ በየጋራዡ የሚዘወተረውን የፒ0171 ኮድ እንመልከት። ትርጓሜው በሲሊንደሮቹ አንደኛ ረድፍ ድብልቁ አየር በዝቶበት ነዳጅ አንሶታል፣ ኮምፒውተሩም ነዳጅ እየጨመረ ከገደቡ ደርሷል ማለት ነው። ብዙዎች ይህን ሲያዩ የኦክስጅን ሴንሰሩን ይለውጣሉ፤ እውነቱን የተናገረውን ምስክር ይቀጣሉ ማለት ነው። አስተዋይ መካኒክ ግን የነዳጅ ማስተካከያውን ቁጥር በሚኒሞ፣ ቀጥሎም በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ያነብባል። የአየር መጠን መለኪያ ሴንሰር ባለው ሞተር ቁጥሩ በሚኒሞ ከፍ ብሎ ዙሩ ሲጨምር ከወረደ፣ ሳይለካ የሚገባ አየር አለና የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም የማኒፎልድ ጋስኬት ይፈለጋል፤ በአንጻሩ ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት ቁጥሩ ከፍ ካለ፣ የነዳጁ ፓምፕና ፊልትሮ፣ እንዲሁም የቈሸሸ የአየር መለኪያ ይጠረጠራሉ።

ለእኛ ለደጋ ሰዎች ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናትና፣ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰሩ ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ያነብባል። በባሕር ጠረፍ አገር ለሚሠሩ የተጻፈው መጽሐፍ ግን 101 ይላል፤ ያንን ብቻ ያጠና ወጣት ደኅናውን ሴንሰር ተበላሽቷል ብሎ ቢጥለው ጥፋቱ ቦታውን ሳያገናዝብ ያስተማረው ሰው ነው። ይህ 76 የሚለው ቁጥር በየጋራዣችሁ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ቢለጠፍ እወዳለሁ።

አንድ ልመና አለኝ፤ ኮድ ለማጥፋት አትቸኵሉ። ጉድለቱ በተመዘገበበት ቅጽበት የሞተሩ ሙቀት፣ ዙርና ጭነት ምን እንደ ነበረ ኮምፒውተሩ ያስቀምጣል፤ ኮዱ ሲጠፋ ይህ መረጃ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ አስቀድማችሁ በወረቀት ገልብጡት፤ ለደንበኛውም አሳዩት፤ ገንዘቡን የሚከፍለው እሱ ነውና ማወቅ ይገባዋል።

በግቢው የቆመችው የልምምድ መኪና ፒ0301 አውጥታለች፤ አንደኛው ሲሊንደር እሳት ይስታል ማለት ነው። አንዳች ዕቃ ሳትገዙ የአንደኛውን ኮይል ከሁለተኛው ጋር አለዋውጣችሁ አስነሡአት፤ ኮዱ ወደ ፒ0302 ከተሻገረ ጥፋቱ የኮይሉ ነው፤ ካልተሻገረ ወደ ካንዴላው፣ ወደ ኢንጀክተሩና ወደ ኮምፕሬሽኑ ትሄዳላችሁ። መምህሮቻችሁ በዚያ ይጠብቋችኋል፤ ሥልጠናውም ከዚህች ሰዓት ጀምሮ መከፈቱን በታላቅ ደስታ እገልጣለሁ።