ተቀጥሮ እየሠሩ ሌላ ሥራ ስለ መፈለግ
(በተማሪዎች ማኅበር አዳራሽ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምናገርበት ጉዳይ ብዙዎቻችን በሹክሹክታ የምንነጋገርበት ነው። ይኸውም፦ አንድ ሰው ተቀጥሮ እየሠራ ሳለ ለአለቃው ሳያሳውቅ ሌላ ሥራ ቢፈልግ ነውር ነውን? የሚለው ጥያቄ ነው። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ብዙዎቻችን ቀን በመሥሪያ ቤት ውለን ማታ ለትምህርት የምንመጣ ነን። በዲፕሎማ የተቀጠረ ሰው ዲግሪውን ሲይዝ በዚያው ወንበር በዚያው ደመወዝ ልቀመጥ አይልም። ስለዚህ ነገሩ የጥቂቶች አይደለም። «ተናጋሪው ራሱ ሥራ እየፈለገ ነው ማለት ነው» የሚል ቢኖር ግን መልስ አልሰጠውም፤ የንግግሬ አርእስት ይኸው ነውና።

አንዳንዶች እንዲህ ያለውን ሰው «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» ይሉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሠራተኛ ለአሠሪው የሚሸጠው ጉልበቱንና የሥራ ሰዓቱን ነው እንጂ የነገ ዕድሉን አይደለም። አሠሪውም ቢሆን የሥራ መደብ ለማጠፍ ሲያስብ፣ ነገሩ እስኪቆረጥ ድረስ ለሠራተኛው አይነግረውም። ሕጉም ከዚሁ አሳብ ጋር ይስማማል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156፣ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚሰናበትባቸውን ምክንያቶች በአንቀጽ 27 ሲዘረዝር፣ ሌላ ሥራ መፈለግን ከዝርዝሩ አላገባም። (የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ስለ ሆነ፣ የራሳቸውን ይመልከቱ።)

ታዲያ ነውር ካልሆነ ስለ ምን ይደበቃል? ፍለጋው ወራት ይፈጃልና ነው። አሥር ማመልከቻ ያስገባ ሰው ከአንዱም መልስ ላያገኝ ይችላል። ወሬው ግን በማግሥቱ አለቃው ጆሮ ይደርሳል። «እሱ ልቡ ሸፍቷል» የተባለ ሠራተኛ ለሥልጠና ሲመረጥ ይታለፋል፤ ዕድገትም ሲመጣ አይታሰብም። አስቀድሞ ይልቀቅ እንዳንል የቤት ኪራይ አለ፤ የትምህርት ክፍያ አለ፤ የሚረዳቸው ታናናሾች አሉ። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

ነገር ግን ዝም ማለትና መዋሸት አንድ አይደሉም። የንግግሬም ፍሬ ነገር ይህ ነው። ለፈተና ወይም ለቃለ መጠይቅ ስትጠሩ «አሞኛል» አትበሉ፤ የሐሰት የሐኪም ወረቀትም አታምጡ። አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት ይሰጣል፤ ከዚያ ላይ አንድ ቀን ጠይቁ። «ለግል ጉዳይ» ብሎ መጻፍ ውሸት የለበትም። በመሥሪያ ቤቱ ስልክ፣ ኮምፒዩተርና ወረቀት ማመልከቻ አታዘጋጁ። ይህ የሰው ንብረት መሆኑ ሳያንስ፣ ምሥጢሩ የሚወጣውም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ በኩል ነው። የደንበኞችን ዝርዝርም ሆነ ሌላ ሰነድ ይዛችሁ አትውጡ። ለአዲሱ አሠሪ እንዲህ ያለውን ስጦታ ይዞ የሄደ ሰው፣ ነገ ከእሱም ዘንድ ይዞ እንደሚወጣ አስቀድሞ ነገረው ማለት ነው።

ብዙዎችን የሚያስጨንቃቸው የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው። ጠያቂው «ሊሄድ ነው» ይባላል። ነገር ግን ሠራተኛ በጠየቀ ጊዜ ሁሉ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ሕግ ያዛል። ስለዚህ ምንም በማታስቡበት ጊዜ፣ በየዓመቱ ጠይቁ። ልማድ ከሆነ ማንም ዞሮ አያያችሁም። በማመልከቻችሁም ላይ «አሁን የምሠራበትን መሥሪያ ቤት ከመጠየቃችሁ በፊት ፈቃዴን ጠይቁኝ» ብላችሁ ጻፉ። የክፍት ሥራ ማስታወቂያ በሚወጣበት የቴሌግራም ገጽ ላይ በስማችሁ ጥያቄ ስትጽፉም፣ የሥራ ጓደኛችሁ እዚያው እንደሚያነብ አትርሱ።

የቅጥሩ ደብዳቤ ተፈርሞ እጃችሁ እስኪገባ ድረስ የስንብት ደብዳቤ አታስገቡ። ከገባ በኋላ ግን አንድ ቀን እንኳ አትደብቁ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ይህን ያላደረገ እስከ 30 ቀን ደመወዝ የሚደርስ ካሣ ሊከፍል ይችላል። የነገሩት ቢረሳ የጻፉት ይወሳልና በጽሑፍ ስጡ፤ ቅጂውንም ያዙ። በእነዚያ 30 ቀናት ሥራውን ለተተኪው በደንብ አስረክቡ። በአዲሱ ቦታ እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ይጠብቃችኋል፤ ባይሳካ የቀድሞው አለቃችሁ ቃል ያስፈልጋችሁ ይሆናል።

በመጨረሻም ሁለት ልመና አለኝ። ክቡራን መምህራን ሆይ፤ ስለ እኛ ምስክርነት ስትጠየቁ መልሱ ለጠየቀው ብቻ ይሁን፤ በአሁኑ መሥሪያ ቤታችን የምታውቁት ሰው ቢኖርም ለእሱ አይነገር። ማኅበራችንም የክፍት ሥራ ማስታወቂያዎችን ማታ በምንመጣበት ሰዓት የምናነብበት ሰሌዳ ያዘጋጅልን፤ ቀጣሪዎችም የማታ ተማሪዎችን ቅዳሜ እንዲፈትኑ በደብዳቤ ይጠይቅልን። ቀጣሪው ቅዳሜ ከጠራን የምንዋሽበት ምክንያት አይኖረንም።