ፓኪስታናውያን በብሪታንያ፤ አንቀላቀልም ያለው ማን ነው?



የዛሬው ንግግራችን በብሪታንያ ስለሚኖሩት የፓኪስታን ተወላጆች ነው። ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በእነዚህ ሰዎች ላይ ዘወትር የሚቀርበው ክስ «ከአገሩ ሰው ጋር አንቀላቀልም ብለው ለብቻቸው ይኖራሉ» የሚል ነው። እኛ ግን ከመፍረዳችን በፊት መለያየቱ እንዴት እንደ ተጀመረ እንመርምር እንላለን።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የብሪታንያ ፋብሪካዎች ሠራተኛ አጡ። በ1948 የወጣው የዜግነት ሕግ ለኮመንዌልዝ አገሮች ሰዎች በሩን ከፍቶ ስለ ነበር፣ ከሚርፑር አውራጃ ብዙ ወንዶች ወደ ብራድፎርድና ወደ በርሚንግሃም ሄዱ። በ1960ዎቹ የማንግላ ግድብ ሲሠራም ከ100,000 የሚበልጥ ሕዝብ ከቀዬው ስለ ተነሣ፣ ብዙዎች ያንኑ መንገድ ተከተሉ። በብራድፎርድ የሱፍ ፋብሪካዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጣቸው የሌሊት ሥራ ነበር። የአገሩ ሰው ሲሠራ እነርሱ ይተኛሉ፤ እነርሱ ሲሠሩ የአገሩ ሰው ይተኛል። ታዲያ በየትኛው ሰዓት ይተዋወቁ?

ብዙዎቹ የመጡት ገንዘብ አጠራቅመው ለመመለስ ነበር። ነገር ግን በ1962 የወጣው የኮመንዌልዝ ስደተኞች ሕግ መግቢያውን ሲያጠበው፣ አንድ ጊዜ አገር ቤት የሄደ ዳግመኛ መግባት አይችልም ብለው ስለ ፈሩ ሚስትና ልጆቻቸውን አስመጡ። ስለዚህ ለመቀነስ የታሰበው ሕግ ራሱ ቋሚ ነዋሪዎች አደረጋቸው።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ ልጆቹ ግን ሥራ በጠፋበት ሰፈር ቀሩ። በ2001 በብራድፎርድና በሌሎች ከተሞች ሁከት ከተነሣ በኋላ፣ መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ቡድን ሕዝቡ ጎን ለጎን ሳይገናኝ እንደሚኖር ገለጸ።

ሆኖም ሌላም እውነት አለ። በ1985 መሐመድ አጂብ የብራድፎርድ ሎርድ ከንቲባ ሆኑ። በ2016 ደግሞ ከፓኪስታን የመጣ የአውቶቡስ ነጂ ልጅ የሆኑት ሳዲቅ ካን የለንደን ከንቲባ ሆነው ተመረጡ።

ጓደኞቻችን፤ «ያገር ልጅ የማር እጅ» እንደሚባለው፣ ከእኛም መካከል ነገ ባሕር ማዶ የሚሄድ አስቀድሞ የሚፈልገው ያገሩን ልጅ ነው። ይህ ነውር አይደለም። እንግዳው ቋንቋውን መማር፣ ልጆቹንም ሴት ወንድ ሳይለይ ማስተማር ይገባዋል። ባለአገሩም ሥራውንና ሰፈሩን ሊያካፍለው ይገባል። በሌሊት አሠርቶ፣ በቀን «ለምን አላየንህም?» ማለት ግን ፍርድ ማጓደል ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? አሳባችሁን ለመስማት ዝግጁ ነን።