ከካዛንቺስ እስከ ዌብ ወንዝ

ዓሣ ለማጥመድ ከካዛንቺስ ማልዶ ተነሥቶ በአዳማ፣ በአሰላና በዶዶላ በኩል 400 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ካለባት ከዲንሾ ሲደርስ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ካለፈ ደጋ ላይ ቆሟልና፣ ከመንጠቆው አስቀድሞ የሚያሻው ወፍራም ካፖርት ነው።

በዚያ በዌብና በዳንካ ወንዞች የሚጠመደው ዓሣ ትራውት ይባላል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ እንግዳ ፍጥረት ሲሆን፣ ቀዝቃዛ ውሃ ካላገኘ አይኖርም።

አጥማጁን የሚመራ መልካም መሪ ብዙ አይናገርም። ትራውት ፊቱን ወደ ወንዙ መምጫ አዙሮ ጅረቱ የሚያመጣለትን ነፍሳት ስለሚጠባበቅ፣ አጥማጁ ከበስተኋላው፣ ኮቴውን ሳያሰማ፣ ጥላውንም በውሃው ላይ ሳይጥል እንዲቀርብ ያስተምረዋል፤ ከላባና ከክር የተሠራውን ዝንብ መሳይ ማታለያም ከድንጋይ ጀርባ በረጋው ውሃ ላይ እንዴት በቀስታ እንደሚያሳርፈው ያሳየዋል። ትንሽ ዓሣ ሲያዝ እጅን በውሃ አርሶ መንጠቆውን አላቅቆ መልቀቅ ይገባል፤ ደረቅ እጅ ገላውን የሚጠብቅለትን ልጋግ ይገፍፍበታልና። ሐዋርያው ጴጥሮስ ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ ምንም እንዳልያዘ የሚያስታውስ ሰው፣ ባዶ እጁን ቢመለስ መሪውን አይወቅስም።

እንግዲህ ለጉዞው የምትሰናዱ ሁሉ፣ መንጠቆ ከመጣላችሁ በፊት የፓርኩን ፈቃድ ጠይቁ፤ የተበጠሰውንም የናይለን ክር የአእዋፍና የደጋ አጋዘን እግር እንዳይጠልፍ ሰብስባችሁ ይዛችሁ ተመለሱ።